ልጁ ይታከም ወይስ ወንበሩ?

አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ ለማይሆንለት ልጅ በአማርኛችን ያወጣንለት ስም ብዙ ነው። ቅብጥብጥ፣ ቁንጥንጥ፣ ቀዥቃዣ፣ ቀልበ ቢስ እንለዋለን። ነገሩ ሲከፋ ባለጌ ይሆናል፤ ትምህርቱ ካልገባው ደግሞ ደደብ የሚለውን እንጨምርለታለን። ከእነዚህ ስሞች አንዱም የሐኪም ቤት ስም አይደለም። ሁሉም የጠባይ ስሞች ናቸው፤ ስለዚህም መድኃኒታቸው ምክር፣ ቁጣ፣ ቁንጥጫ፣ ሲብስም አለንጋ ሆኖ ኖሯል። ይኸው ልጅ አሜሪካ ቢወለድ ግን ስሙ ሌላ ነው። አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት ተሰጥተውታል፤ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ይባላል። ወደ እኛ ቋንቋ ስናመጣው የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ሕመም እንደ ማለት ነው። ስሙ የሐኪም ቤት ስም ስለሆነ መድኃኒቱም ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ እንክብል ነው።

ከሁለቱ ስሞች የትኛው ይሻላል? የሐኪሙ ይሻላል የሚሉ ብዙ ናቸው። በሽተኛ አይገረፍም፤ በሽተኛ አይሰደብም። በዚህ እኔም እስማማለሁ። ይሁንና ሁለቱ ስሞች እንደሚመስለን የተራራቁ አይደሉም። ሁለቱም ጉዳዩ ያለው ልጁ ውስጥ ነው ይላሉ። አንዱ በጠባዩ ሌላው በአንጎሉ ያሳብባል እንጂ ልጁ የተቀመጠበትን ወንበር፣ የተቀመጠበትን ሰዓት፣ ፊቱ የቆመውን ሰው ትዕግሥት የሚጠይቅ ስም በሁለቱም ቋንቋ አላገኘሁም። ለመሆኑ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ከክፍሉ ጋር ሳይስማማ ሲቀር መለወጥ ያለበት ማን ነው? እኔን የሚያስጨንቀኝ ጥያቄ ይህ ነው።

ቁጥሩን አስቀድሜ ልናገርና ልለፈው። ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2022 ባሰባሰበው መረጃ፣ ከ3 እስከ 17 ዓመት ከሆናቸው ልጆች መካከል 11.4 ከመቶው፣ ማለትም 7.1 ሚሊዮን የሚሆኑት፣ ይህ ሕመም እንዳለባቸው ተነግሮላቸው ያውቃል። ሕመሙ አሁንም አለባቸው ከተባሉት ከግማሽ የሚበልጡት መድኃኒት ይወስዱ ነበር። 30 ተማሪ ያለበትን ክፍል ብናስብ ሦስት አራት ልጅ ማለት ነው። በየክፍሉ ሦስት ልጅ የሚይዝ በሽታ ምን ዓይነት በሽታ ነው ብሎ ለመጠየቅ ሐኪም መሆን የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

እንግሊዞችም ቢሆኑ እንደ እኛ ከጠባይ ስም ነው የተነሡት። በ1902 ጆርጅ ስቲል የተባለ የሕፃናት ሐኪም ለንደን ውስጥ ለሐኪሞች ኮሌጅ ባሰማው ትምህርት ስለ እንዲህ ያሉ ልጆች ሲናገር የግብረ ገብ ቁጥጥር ጉድለት ብሎ ነበር የጠራው። መድኃኒቱ የተገኘው ከ35 ዓመት በኋላ፣ ያውም ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው። በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት ቻርልስ ብራድሌ የተባለ ሐኪም የጠባይና የነርቭ ችግር ያለባቸው ሕፃናት የሚኖሩበትን ተቋም ይመራ ነበር። በዚያን ዘመን አንጎልን በራጅ ለማየት ከጀርባ አጥንት ፈሳሽ መቅዳት ግድ ስለነበረ ልጆቹን ብርቱ ራስ ምታት ይይዛቸዋል። ብራድሌ ራስ ምታቱን ያቃልል እንደሆነ ብሎ ቤንዘድሪን የሚባለውን የሚያነቃ መድኃኒት ሰጣቸው። ራስ ምታቱ ያን ያህል አልቀነሰም። ነገር ግን መምህራኑ አንድ ነገር አዩ፤ ልጆቹ ተቀምጠው መሥራት ጀመሩ። ብራድሌ በ1937 ባሳተመው ጽሑፍ ከ30ዎቹ ልጆች 14ቱ በትምህርታቸው ጉልህ ለውጥ ማሳየታቸውን ገልጿል። ልጆቹ ራሳቸው የሒሳብ እንክብል ብለው ስም አወጡለት ይባላል።

ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ሪታሊን ደግሞ በ1944 ስዊዘርላንድ ውስጥ በሲባ ኩባንያ ተቀመመ። ቀማሚው ሊያንድሮ ፓኒዞን ይባላል። የሚስቱ ስም ማርጌሪት፣ በቁልምጫ ሪታ ነበርና በስሟ ጠራው። እሷ የምትወስደው ቴኒስ ስትጫወት ነበር። ይህችን ታሪክ የማነሣው ለጨዋታ አይደለም። ሪታ በሽተኛ አልነበረችም፤ ሆኖም እንክብሉ ሠርቶላታል።

የእኛ አገር አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር በአሠራሩ የእነ ቤንዘድሪን የቅርብ ዘመድ ነው። የፈተና ሰሞን ቅሞ ያደረ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያውቀዋል፤ ምርቃናው ሲመጣ ሌላው ጊዜ የሚሰለቸው ደብተር እንዴት እንደሚጥም፣ አንድ ገጽ ላይ ሁለት ሰዓት መቀመጥ እንዴት እንደሚቻል። ያ ተማሪ ግን ሲቅም ቀልቤ ተሰበሰበ ብሎ ቀድሞውንም የቀልብ በሽተኛ ነበርኩ ወደሚል መደምደሚያ አይደርስም። ሐኪም ለክቶ የሚሰጠውን መድኃኒት ከጫት ቤት ጋር እኩል ማድረጌ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኛል። የምለው አንድ ነገር ነው፤ መድኃኒቱ ሠራ ማለት በሽታው ነበረ ማለት አይደለም። ይህን ደግሞ በ1978 ጁዲት ራፖፖርትና ባልደረቦቿ በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ፈትነው አሳይተዋል። ምንም ሕመም ለሌለባቸው 14 ወንዶች ልጆች ከአምፌታሚን ቤተሰብ የሆነውን መድኃኒት ሰጧቸው። ጤነኞቹም ልጆች መንቀዥቀዣቸው ቀነሰ፣ ቀልባቸው ተሰበሰበ። ይህ ከታወቀ ስንት ዓመት ሆነው! ሆኖም ዛሬም እንክብሉን ሰጥተነው ተለወጠ፤ ስለዚህ በእርግጥ ነበረበት ሲባል እሰማለሁ።

እንግዲህ መድኃኒቱ ካልነገረን በሽታውን የሚነግረን ምንድን ነው? ደም ተቀድቶ፣ ራጅ ተነሥቶ የሚታወቅ ሕመም አይደለም። የሚታወቀው በመጠየቅ ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የሚያሳትመው የምርመራ መጽሐፍ 18 ምልክቶችን ይዘረዝራል፤ ዘጠኙ የቀልብ፣ ዘጠኙ የመቅበጥበጥ። አንድ ልጅ ከአንዱ ዘርፍ ስድስቱን፣ ለስድስት ወር ያህል፣ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ካሳየ ሊመዘገብ ይችላል። ምልክቶቹ መቁነጥነጥ፣ ከወንበር መነሣት፣ ዕቃ መጣል፣ ተራ አለመጠበቅ፣ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን መወርወር የመሳሰሉ ናቸው። ሁሉም ልጅ የሚያደርጋቸው ነገሮች ስለሆኑ በሽታ የሚያደርጋቸው አንዲት ቃል ናት፤ ብዙ ጊዜ የምትለው።

የዚህችን ቃል ክብደት ያየሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት ቨርጂኒያ እህቴ ቤት በእንግድነት ሳለሁ ነው። የአንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጇ ከትምህርት ቤት ይዞት የመጣው ፖስታ ውስጥ ሁለት ገጽ ቅጽ ነበር። ከየጥያቄው ፊት ለፊት አራት ሳጥኖች አሉ፤ ፈጽሞ፣ አልፎ አልፎ፣ ብዙ ጊዜ፣ በጣም ብዙ ጊዜ። ልጁ ከተኛ በኋላ ቡና ተፈልቶ ሦስታችን ቅጹን ከበን ተቀመጥን።

«ወንድም ጋሼ፣ ይኼ ብዙ ጊዜ የሚሉት ስንት ጊዜ ነው?» አለችኝ እህቴ።

«ከማን ጋር ሲተያይ ብለሽ ጠይቂያቸው» አልኳት።

ባሏ ሌሊት ታክሲ ሲነዳ የሚያድር ሰው ነው። ዓይኑን እያሻሸ፣ «እኔም ልክ እንደሱ ነበርኩ። የኔን በአለንጋ አወጡልኝ» አለ። ለእንክብሉ የሚከራከረው እሱ ነበር። እኔ የገመትኩት ተቃራኒውን ነበርና ገረመኝ። «ከአለንጋው አይሻልም? እንክብል ጀርባ ላይ ሰንበር አይተውም» ሲል እህቴ ዝም አለች። የእሷ ፍርሃት ሌላ ነው። በልጅነቱ መድኃኒት የለመደ ተብሎ፣ በማኅበርተኛው ሁሉ ወሬው ተሰምቶ፣ ነገ ትዳር ሲፈልግ እንኳ ይከተለዋል ብላ ነው የምትሰጋው። ቅጹን የሚሞሉት ወላጅና መምህር ናቸው። ልጁ የሚሞላው ገጽ የለም።

ባልና ሚስቱ በኋላ ምን እንደወሰኑ አልጽፍም፤ የቤተሰቡ ጉዳይ ነው፤ ልጁ ሲያድግ ከፈለገ ራሱ ያወራዋል። እዚህ ላይ ማንሣት የምፈልገው የልደት ቀኑን ነው። ልጁ የመስቀል ልጅ ነው፤ የተወለደው በደመራ ዕለት ሴፕቴምበር 26 ቀን ነው። እህቴ በዚህ ትኮራለች። በቨርጂኒያ ሕግ ደግሞ አንድ ልጅ መዋዕለ ሕፃናት የሚገባው እስከ ሴፕቴምበር 30 አምስት ዓመት ከሞላው ነው። በዚህም ምክንያት የእህቴ ልጅ በሩ ሊዘጋ አራት ቀን ሲቀረው ገብቷል። በኦክቶበር መጀመሪያ የተወለደው የክፍል ጓደኛው አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን የቀረው ያህል ይበልጠዋል። ለስድስት ዓመት ልጅ አንድ ዓመት ማለት የዕድሜው አንድ ስድስተኛ ነው። እኛ አዋቂዎች በአርባና በአርባ አንድ መካከል ልዩነት ስለማናይ ይህን እንረሳዋለን።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። በ2018 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የቲሞቲ ሌይተንና የባልደረቦቹ ጥናት የ407,846 ልጆችን መዝገብ መርምሯል። የትምህርት ቤት መግቢያ ቀን ሴፕቴምበር 1 በሆነባቸው ግዛቶች በኦገስት ከተወለዱ 10,000 ልጆች 85ቱ ሕመሙ አለባቸው ሲባሉ፣ በሴፕቴምበር ከተወለዱት ግን 64 ያህሉ ብቻ ናቸው። ልዩነቱ 34 ከመቶ ነው። መግቢያው ሴፕቴምበር 1 ባልሆነባቸው ግዛቶች ይህ ልዩነት የለም። በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ መቁረጫው ዲሴምበር 31 ነው። በዚያ ወደ 938,000 የሚጠጉ ልጆችን የተከታተለው የ2012 ጥናት በዲሴምበር የተወለዱ ወንዶች በጃንዋሪ ከተወለዱት በ30 ከመቶ፣ ሴቶቹ ደግሞ በ70 ከመቶ በበለጠ ሕመሙ አለባቸው እንደሚባሉ አግኝቷል። አሜሪካ የኦገስት ልጅ ይታመማል፤ ካናዳ የዲሴምበር ልጅ። በሽታው ድንበር ሲሻገር ወሩን ይለውጣል።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ነገሩ ከቁጥርነት ያልፋልና። በዚህ ሁሉ ውስጥ የዋሸ ሰው የለም። መምህሯ ልጁ ከጓደኞቹ ይበልጥ ይቁነጠነጣል ስትል ያየችውን ነው የተናገረችው። እናቲቱም የተጠየቀችውን መለሰች። ሐኪሙ መጽሐፉን ተከተለ። ሁሉም በቅንነት የየድርሻቸውን ከተወጡ በኋላ አንድ ጤነኛ ልጅ ዘግይቶ በመወለዱ ምክንያት በየማለዳው እንክብል ይውጣል። ክፉ ሰው ካለ ክፋቱን ለማቆም አንድ ሰው መያዝ ይበቃል። ማንም ሳያጠፋ የሚሠራ ጥፋት ግን በማን እጅ ይቆማል?

ሐኪሞች ነገሩን ሲያስረዱ በመነጽር ይመስሉታል። ዓይኑ የደከመ ልጅ መነጽር ቢያደርግ ምን ነውር አለው? ይላሉ። ምሳሌው ደግ ነው፤ ግን ሁለት ቦታ ላይ ይሰበራል። የዓይን መለኪያው ሰሌዳ የልጁን የልደት ወር አይጠይቅም። ደግሞም መነጽር ያደረገ ልጅ የሚያየው ለራሱ ነው፤ ልጁ ስላየ የሚያርፍ ሌላ ሰው የለም። ልጅ ዝም ሲል ግን የሚያርፈው ብዙ ሰው ነው። መምህሯ ታርፋለች፤ ክፍሉ ያርፋል፤ ስልክ ሲጠራ የሚደነግጡት ወላጆች ያርፋሉ። የብዙ ሰው እረፍት የተንጠለጠለበትን መድኃኒት ለልጁ ጥቅም ብቻ ነው የምሰጠው ብሎ መማል አስቸጋሪ ነው።

ወንበሩም ቢሆን እንደ ድሮው አልቀረም። በ1990ዎቹ የአትላንታ ከተማ የትምህርት አስተዳደር የጨዋታ እረፍትን ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቹ አስቀርቶ ነበር፤ ጊዜው ለትምህርት ይዋል በማለት። የመጫወቻ ሜዳ የሌለው አዲስ ትምህርት ቤትም ተሠርቷል። በ2002 ደግሞ ትምህርት ቤቶችን በተማሪዎቻቸው የፈተና ውጤት የሚዳኘው የፌዴራል ሕግ ጸደቀ። ስቲቨን ሂንሾና ሪቻርድ ሼፍለር በ2014 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ እንዲህ ያለው የፈተና ሕግ አዲስ በገባባቸው ግዛቶች የሕመሙ ምዝገባ በተለይ በድኾች ልጆች ዘንድ በፍጥነት ጨምሯል። ሁለቱም ጸሐፊዎች ሕመሙ እውነተኛ ነው የሚሉ ናቸው፤ ለዚህ ነው ምስክርነታቸውን የምወደው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት የቄስ ትምህርት ቤት ነው። አምስት ዓመቱም አሥራ ሁለት ዓመቱም አንድ ዛፍ ሥር እንቀመጣለን። አንዱ ሀሁ፣ አንዱ አቡጊዳ፣ አንዱ ዳዊት ላይ ነው። ሁሉም የየራሱን በየራሱ ድምፅ፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ይጮኻል። የኔታ በሩቁ ጆሯቸውን ጥለው ያዳምጣሉ፤ በዚያ ጫጫታ መካከል የሚጠረጠረው ዝም ያለው ልጅ ነበር! በዚያ ጉባኤ ውስጥ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ ቀረ የሚባል ልጅ አልነበረም፤ እኩያ የሚባል ነገር አልነበረምና። አለንጋው ግን ከየኔታ እጅ ተለይቶ አያውቅም። ስለዚህ ወደዚያ እንመለስ የምል አይምሰላችሁ። የምለው፣ ጸጥ ብሎ ፊት ለፊት እያዩ መቀመጥ የመማር ባሕርይ ሳይሆን አንድ ዘመንና አንድ ዓይነት ሕንፃ የፈጠሩት ልማድ ነው።

እስካሁን ያልኩትን ይዞ ሕመም የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም የመድኃኒት ኩባንያዎች ፈጠራ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር ግን ከእኔ ጋር አይደለም። መንትዮችን ያነጻጸሩ ጥናቶች የልጆች ቀልብ ልዩነት በአብዛኛው በዘር እንደሚወረስ ደጋግመው አሳይተዋል። በ2015 ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ የዴንማርክ ሕዝብ መዝገብ ላይ የተሠራ ጥናት ይህ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌሎቹ ሁለት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ያለ ዕድሜያቸው እንደሚሞቱ፣ ከሁሉ የበዛውም በአደጋ እንደሆነ ያመለክታል። ይህ የወንበር ጉዳይ አይደለም። ሌላም አለ። በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት ጥቁር ልጆች፣ ያው ጠባይ እየታየባቸው፣ ከነጮቹ ያነሰ ነው ሕመሙ አለባቸው የተባሉት። የሐኪሙን ስም ያላገኘው ጥቁር ልጅ ነፃ አልወጣም። የቀድሞው ስም ጠበቀው፤ ባለጌ ተብሎ ከትምህርት ታገደ። የእኛ ልጆች አሜሪካ የሚገቡት በዚህኛው በር ነውና፣ እህቴን ቅጹን ቅደጂው ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም።

መድኃኒቱስ እስከ የት ያደርሳል? በዚህ ረገድ ትልቁ ሙከራ በ1999 ውጤቱ የታተመው፣ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው 579 ልጆች የተሳተፉበት ነው። ልጆቹ በዕጣ ተከፋፍለው ከ14 ወር በኋላ ሲታዩ፣ በጥንቃቄ እየተለካ የተሰጠው መድኃኒት በምክርና በሥልጠና ብቻ ከተያዙት በተሻለ መቅበጥበጡን ቀንሶ ተገኘ። መጽሔቶች ሁሉ ይህን አስተጋቡ። በሦስተኛው ዓመት ግን ልዩነቱ ጠፍቶ ነበር፤ ይህም በ2007 ታተመ። ከ14 ወሩ በኋላ ሁሉም ወላጅ የፈለገውን ስለመረጠ ንጽጽሩ እንደ መጀመሪያው ጥብቅ አይደለም፤ ይህንንም መናገር ይገባል። በ2017 በወጣው ክትትል ደግሞ መድኃኒቱን ለረዥም ጊዜ የወሰዱት ሲያድጉ በጥቂት ሴንቲ ሜትር አጥረው ተገኝተዋል፤ ምልክታቸው ግን ከሌሎቹ የበለጠ አልቀነሰም። መምህራን የሚሞሉትን መጠይቅ በ1969 ያሳተመው ኪት ኮነርስ እንኳ በ2013 ለኒው ዮርክ ታይምስ ሲናገር የምዝገባውን መብዛት አደገኛ ጥፋት ነው ብሎ አውግዟል።

በ2004 የወጣው የአሜሪካ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ አንድ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን መድኃኒት ካልዋጠ አላስገባም ማለት እንዳይችል ይከለክላል። ጥሩ ሕግ ነው። ከትምህርት ቤት የሚላከው ደብዳቤ ግን አስውጡት አይልም፤ ሐኪማችሁን አማክሩ ነው የሚለው። ስደተኛ ወላጅ ይህችን ዓረፍተ ነገር እንዴት አድርጎ እንደሚያነባት ደብዳቤውን የጻፈው ሰው የሚያውቅ አይመስለኝም። ከመንግሥት የመጣ ወረቀት ላይ «አማክሩ» ሲባል የእኛ ሰው የሚሰማው «አድርጉ» ነው።

የእኔ አቋም ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ልጁ ከመለወጡ በፊት በዙሪያው ያለን አዋቂዎች የምንለውጠውን እንለውጥ፤ መቀመጫው፣ የጨዋታ ሰዓቱ፣ የእኛ አነጋገር፣ እንቅልፉ፣ ካስፈለገም ክፍሉ አንድ ዓመት ወደ ኋላ። ይህ የእኔ ቅዠት ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2011 ባወጣው መመሪያ ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጆች አስቀድሞ ወላጆችን ማሠልጠን ነው የሚያዘው። በ2016 ዊልያም ፔልሃምና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ሙከራም ከአምስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት በሆናቸው 146 ልጆች ላይ ተሠርቶ፣ ከጠባይ ሥልጠና መጀመር ከእንክብል ከመጀመር የተሻለ ውጤት እንዳለው አሳይቷል።

ችግሩ ይህ መንገድ ጊዜ መጠየቁ ነው። ሥልጠናው ምሽት ላይ ነው፤ አማቼ ደግሞ ምሽት ላይ ታክሲውን ያስነሣል። ተቀጥረህ ሁለት ሥራ እየሠራህ፣ ልጅህን በትዕግሥት እያባበልክ፣ የሠራውን እያመሰገንክ፣ በየሳምንቱ ከመምህሩ ጋር ተገናኝ ይባላል። እንክብሉ የሚጠይቀው ግን አንድ ብርጭቆ ውሃ ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ራሳችሁን ለውጡ የሚለው ምክር ደመወዙ ለደላው ሰው የተቆረጠ ልብስ ይመስላል። ይህን እያወቅሁ ነው የምሟገተው።

ክርክሬን እንዲህ ለብዙ ሰው ሳወራ አንዲት የሲልቨር ስፕሪንግ እናት በትዕግሥት አዳመጠችኝ። ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ነበርን። ልጇ አሥር ዓመቱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እንክብሉን ሲወስድ ቆይቷል። ከዚያ በፊት ኳስ ተከትሎ ጆርጂያ አቬኑ መካከል ሁለት ጊዜ ገብቷል። በክፍሉ ውስጥ ማንም ልደቱ ላይ አይጠራውም ነበር።

«ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል» አለችኝ። «ምግብ አይበላልኝም፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ነው የሚርበው፤ ተነሥቼ እሰጠዋለሁ። ቅዳሜና እሑድ አልሰጠውም። ቅዳሜ እኔ ልጄን አገኘዋለሁ፤ እየዘለለ፣ እየዘፈነ፣ ቤቱን እያመሰ። ሰኞ ደግሞ እሱ ጓደኞቹን ያገኛል። ከሁለቱ የትኛውን ልቀማው?»

መልስ አልነበረኝም። ልጁን ራሱን ጠይቃው ታውቅ እንደሆነ ግን ጠየቅኋት።

«ጠይቄዋለሁ እንጂ» አለች። «እንክብሉ ምን ያደርግልሃል ስለው ምን አለኝ መሰልዎ? የዋጥኩት ቀን መምህሯ ስሜን ቀስ ብላ ነው የምትጠራኝ፣ አለኝ።»